የወይፈኑ ጆሮ

«ተነሥ! ተነሥ እንጂ፣ አንተ ከርሳም!»

ወይፈኑ አይነሣም። ትልሙ መሀል ላይ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ቀንበሩን ወደ ራሱ አዘንብሎ፣ ዐይኑን ያንከባልላል። አብሮት የተጠመደው አሮጌ በሬ፣ እቤት ውስጥ «አዛውንቱ» የሚሉት፣ አንገቱ ተጣሞ ቆሟል። በዕድሜው ስንት ሞኝ አብሮት ተጠምዷል፤ ይህም አይገርመውም።

ሴትዮዋ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ከፊት ትጎትታለች። መዳፏ ተልጧል፣ ወገቧ ለሁለት ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም። ከኋላ ባሏ እርፉን ጨብጦ ይጠብቃል። አንገቱ ላይ የጠመጠመው ሻርፕ ሥር ሐኪም ቤት የተሰፋ ቁስል አለ። በነፃ እጁ ምልክት ይሰጣታል፦ ገመዱን ላላ አድርጊው፣ ጠጋ በዪው፣ አናግሪው።

«ምን ልበለው ደግሞ? ምክሩም አለቀ፣ ስድቡም አለቀ። ከፈለግህ አበድረኝ፤ አንተ ጋ ተከማችቶ ተቀምጧል።»

የባሏ ትከሻ በሳቅ ይርገፈገፋል፤ ድምፅ ግን የለውም። ድሮ ሲያርስ ጩኸቱ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ለበሬ የሚያወርደውን ስድብ ለመስማት ብለው ሥራ ፈትተው አጥሩ ሥር የሚቀመጡ ነበሩ። ጉሮሮው ከተቀደደ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣውም። ከሐኪም ቤት በወጣ ቀን ሐኪሙ ዘንድ ብቻውን ገብቶ ሲወጣ፣ «ምን አለህ?» ብላ ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። ጉሮሮውን በጣቱ ነካ፣ እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ፣ ከዚያ መልሶ ደረቱ ላይ አሳረፈው። ድምፁ ሄዷል፣ ይመለሳል። እሷም ያችን ምልክት ይዛ ሰነበተች። እቃ ስታጥብ «ይመለሳል» ትላለች፣ ውሃ ስትቀዳ «ይመለሳል» ትላለች።

ሰማዩ ወደ ምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። የአዛውንቱ የድሮ የቀንበር ጓደኛ ታሞ ሞቷል፤ ይሄ ጎረምሳ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ካልተገራ ማሳው ጦሙን ማደሩ ነው።

ገመዱን ለቅቃ ከወይፈኑ ራስ አጠገብ ቁጢጥ ትላለች።

«ስማኝማ የኔ ጌታ። እኔም ደክሞኛል። አንተ ብትተኛ እኔም እዚሁ ጎንህ ነው የምተኛው። ከዚያ ዝናቡ መጥቶ ሁላችንንም ጭቃ ያደርገናል። ይሻላል? አይሻልም። በል ተነሥ።»

አንደኛው ጆሮው ወደ እሷ ዞር ይላል። ትንሽ ቆይቶ ያቃስትና ይነሣል። ባሏ ጭኑን በጥፊ ይመታል፤ የአሁኑ ጭብጨባው ይሄ ነው።

«ጎበዝ! ግን እህቴ፣ ጉሮሮሽ እኮ የተቀደደ ከበሮ መሰለ!» ይላል ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው። ወሬ ስለማያቋርጥ ሰፈሩ «ራዲዮ» ይለዋል። «እኔ ልጩህላችሁ ብዬ ትናንትም ለመንኩት። በነፃ! ይሄ ባልሽ እንቢ አለኝ።»

ባሏ አሁንም እጁን በቁጣ ያወናጭፍበታል።

«ተወው ባክህ፣ ታውቀው የለም?» ትላለች እየሳቀች። «አዛውንቱን ሲገራ እኮ የገዛ ወንድሙን ነው በጅራፍ ያባረረው። ‹ዝም በል! ወይፈን ሲገራ የሰማውን ድምፅ ነው እስኪሞት የሚሰማው፤ ነገ አንተ ነህ የምታርስልኝ?› ብሎ። ያ ምስኪን ሊያግዝ መጥቶ!»

ራዲዮ ይስቃል። ባሏ አይስቅም። ገመዱን ተዪው፣ ወደ ኋላ ነዪ ይላታል በእጁ። ስትደርስ ጅራፉን ያቀብላታል።

ይሄዳሉ። ከኋላ ሆና «ወዲህ» ስትለው ወዲህ፣ «ቀጥ በል» ስትለው እየተወላገደም ቢሆን ቀጥ ይላል። አፈሩ ከማረሻው ግራና ቀኝ ይገለበጣል። የማሳው ጫፍ ሲደርሱ ራዲዮ መታገሥ ያቅተዋል፦

«ተመለስ!»

ድምፁ ነጎድጓድ ነው። አዛውንቱ ራሱን ሊያዞር ይሞክራል፤ ወይፈኑ ግን ተገትሮ ቀንበሩን ይይዝበታል።

«ዙር እልሃለሁ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ንቅንቅ የለም። ዝንብ እንኳ የነካው አይመስልም።

«ዙር፣ የኔ ልጅ» ትላለች፣ ከራሷም አልፎ በማይሰማ ሻካራ ድምፅ።

መጀመሪያ የወይፈኑ ጆሮ ይዞራል። ቀጥሎ አንገቱ፣ ቀጥሎ ቀንበሩ፣ ከቀንበሩ ጋር አዛውንቱ።

«ኧረ ጉድ ነው! በቃ ያንቺ ሆነ!» ራዲዮ አጥሩን ይደበድባል። «ከእንግዲህማ ባልሽ ተመልሶ እንደ አንበሳ ቢያገሳ እንኳ ይሄ በሬ...»

እዚያው ላይ ንግግሩን ይቆርጣል። ይህ ሰው አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲቀር አይታ አታውቅም። ወደ ባሏ ያያል፣ ወደ እሷ ያያል፣ ከዚያ ባርኔጣውን ያስተካክላል።

«ልሂድ እስቲ፣ እቤት ይጠብቁኛል» ብሎ ከአጥሩ ይርቃል።

ነፋሱ የርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ይመጣል። ባሏ ጎንበስ ብሎ ማረሻውን በእንጨት ይፍቃል። ማረሻው ንጹሕ ነው።

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

ይፍቃል።

«አንተን እኮ ነው። ያን ቀን፣ ምን አለህ?»

እንጨቱን ይጥልና ቀና ይላል። አያያትም። ሻርፑን በጣቱ ይነካል፣ እጁን ወደ ውጭ ይዘረጋል። እጁ እዚያው፣ ማሳው ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። ወደ ደረቱ አይመለስም።

ጅራፉ መዳፏ ላይ የተላጠውን ቦታ ያቃጥላታል። የማሳው እኩሌታ ገና አልተነካም፤ ደመናውም ቀርቧል። ባሏ ወደ እርፉ ተመልሶ ይጨብጠዋል። አዛውንቱ በረጅሙ ይተነፍሳል። ወይፈኑ ጆሮውን ወደ ኋላ፣ ወደ እሷ አዙሮ ይጠብቃል።

ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።