የረታ ስለት

ረታ የሐበሻ ስደተኞች በሚበዙበት በኢስትሊ ሰፈር በጋሽ አገኘሁ አልጋ ቤት ሁለት ዓመት ኖሯል። ሥራው ሴንጢ መሳል ነው። የሀብታሞቹ ሰፈር የላቪንግተን ሰዎች ትንንሽ የኪስ ሴንጢዎቻቸውን በቦዳቦዳ ሞተር ይልኩለታል፤ እሱም ስሎ ይመልሳል።

ዝም ብሎ በእጁ አይስልም። ጠረጴዛው ላይ መሣሪያ ተክሏል። ሴንጢውን ማሰሪያው ውስጥ ያጠብቀዋል፤ ድንጋዩ ቀጭን ዘንግ ላይ ሆኖ ከተወሰነለት ማዕዘን ሳይወጣ ይመላለሳል። ለአንዱ ጎን ሃያ፣ ለሌላውም ሃያ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ዳሰስ ያደርገውና ወረቀት ይቆርጥበታል።

ጋሽ አገኘሁ ድምፁን ለምደውት ነበር፤ ክብረት ምድር ቤት ያለውን ሱቅ እስኪከራይ ድረስ።

ክብረት የረታን እህት ሮሃን አጭቶ፣ ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ጥሏት ሌላ ያገባ ሰው ነው። በመጣ በመጀመሪያው ቀን ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«ረታ፣ ዛሬም ብረት ታባብላለህ?» አለ ክብረት እየሳቀ።

«ብረት ቃሉን አያጥፍም» አለ ረታ። አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ረታ ንግግር ቀነሰ። ጋሽ አገኘሁ በቅርቡ ለጥቂት ከተረፉበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ከአልጋ ብዙም አይነሱም፤ በግድግዳው በኩል የድንጋዩን ምልልስ ይቆጥሩ ነበር። ሃያ፣ ሃያ። አንድ ቀን ሠላሳ ደረሰ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ረታ በስልክ ሲያወራ ሰሙት።

«ስለቱ ዝግጁ ነው። ዓርብ እሱ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ። ብዙ አቆየሁት።»

ሽማግሌውን ላብ አጠመቃቸው። ጥቂት ቆይቶ ረታ ሾርባ ይዞላቸው ገባና ስፌቱ ያማቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸው ግን ዓርብ የት እንደሚሄድ ጠየቁት። አመነታ። ስመለስ እነግርዎታለሁ ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ረታ ወደ መሃል ከተማ ሲሄድ በትርፍ ቁልፍ ክፍሉን ከፈቱ። ዘንጉን ቀጥ አድርገው አቆሙትና፣ ድንጋዩን የሴንጢዎቹ አፍ ላይ እየገፉ አንድ በአንድ አደነዟቸው። ሊወጡ ሲሉ ከበሩ ጀርባ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ነገር አዩ። ሊነኩት ፈሩ።

ለክብረት ደወሉለት። የሰሙትን ነገሩት፤ ዓርብን ብቻ ከዚህ ሕንፃ ራቅ እንዲል ለመኑት። እሺ አላቸው።

አልራቀም። ዓርብ ጠዋት ረታ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሲወርድ፣ ክብረት ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር። ረታ ሲያየው ጥቅሉን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። የክብረት ፌሮ ብረት የረታ አናት ላይ አረፈ።

ጋሽ አገኘሁ ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። ረታ በግንባሩ ተደፍቷል፤ አይንቀሳቀስም።

«ጋሽ አገኘሁ፣ ነፍሴን አተረፉልኝ» አለ ክብረት እያለከለከ። ከዚያ ጨርቁን በእግሩ ገለጠው።

የወርቅ ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነበር፤ ጠርዙ ላይ በቀይ ክር ተጽፎበታል፦ «ስለት። ጋሽ አገኘሁን ከሞት ስላተረፍክልኝ።»