ከቦዮ ማዶ ያለችው ሴት

ዳኘ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ሰው ሲንቅ ከከንፈሩ ግራ ጥግ ይጀምራል። መምህር ሳህሉ ሚያዝያ ላይ ቢሮው ሲገቡም ከዚያው ጀመረ።

መምህር ሳህሉ በቦዮ ሐይቅ አካባቢ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያን ቀን በቀጥታ ከሐይቁ ማዶ ስለመጡ የነተበ ኮታቸውና ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነበር።

"ዳኘ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አምስት ደቂቃ ብትሰጠኝ።"

"ጋሼ፣ የሁሉም ሰው ጉዳይ የቤተሰብ ነው።" ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን አየና ዘጋው። "የገጠር ሰው ጉዳዩ አያልቅም። ኮሪደር ላይ ይጠብቁኝ፤ ስብሰባ አለኝ።"

ከስብሰባው ሲወጣ መምህሩ መጋዘኑ ደጃፍ ቆመው አገኛቸው። እዚያ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ሁለት ሰው የሚይዝ አሮጌ የፕላስቲክ ጀልባ፣ ካያክ የሚሉት፣ ተደፍቷል። ሐይቁን ያጠና የነበረ ፕሮጀክት ጥሎት የሄደ ነው።

"ለካ የመጡት ለዚህ ነው" አለ ዳኘ። "በጨረታ ይግዙት። ለከብት ውኃ ማጠጫ ይሆናል።"

መምህሩ የመጡበትን ጉዳይ ሊናገሩ ሲጀምሩ ጥሏቸው ወደ ቢሮው ገባ። በወሩ ጀልባውን በፈረስ ጋሪ አስጭነው ወሰዱ።

ከጡረታ በኋላ የገቡበት የሆሳዕና ቤታቸው ከዳኘ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ዳኘ ከሥራ ሲመለስ እየቆመ ያይ ነበር። መምህሩ የጀልባውን ስንጥቅ የጀሪካን ቁራጭ በጋለ ብረት እያቀለጡ ደፈኑት። ከባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆሙለት። ልብስ ሰፊው ረሻድ ያረጀ የአይሱዙ ሸራ ሦስት ማዕዘን አድርጎ ሰፋላቸው። ከኋላ ከላሜራ መሪ ሠርተው በበር ማጠፊያ ገጠሙት፤ በእግር እንዲዞርም በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ከመርገጫ ጋር አያያዙት። እንዳይገለበጥ ግራና ቀኙ ላይ ባዶ ጀሪካን አሰሩ።

"ሸራና መሪ ምን ያደርጋል? መቅዘፊያ ጠፋ?" አለ ዳኘ።

"ለሁለት ቀዛፊ የተሠራ ጀልባ ነው። የምቀዝፈው እኔ ብቻ ነኝ፤ ትከሻዬ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ነፋሱ ይግፋ፤ እኔ በእግሬ እመራለሁ።"

ዳኘ የፊተኛውን መቀመጫ አየ። ወፍራም ስፖንጅ ተደርጎበታል። ዳርና ዳሩ ላይ የሚጨበጥ ገመድ አለ።

"ይሄ ምቾት ለሴት ነው?"

"ለሴት ነው" አሉ መምህሩ።

በማግሥቱ ቢሮው በሙሉ ሰማ። መምህሩ ሚስታቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሐይቅ ማዶ ሴት ይዘዋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ኮት።

ጸሐፊዋ ሳባ ብቻ አልሳቀችም። "ክረምት ሲገባ የማዶ መንገድ በረግረግ ይዘጋል አሉ። ለቁም ነገር ቢሆንስ?"

"እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው" አላት ዳኘ። "ማዶ ጀልባ የሚያሠራ ምንም ነገር የለም።"

ሐምሌ ላይ መምህሩ ጀልባውን መኪና ላይ ሲጭኑ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራቸው።

"ጋሼ፣ ሴትዮዋን መቼ ነው የምናያት?"

መምህሩ ገመዱን ለቀው ትክ ብለው አዩት።

"ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ና" አሉ። "እንዳትቀር።"

አልቀረም። ሦስት የቢሮ ሰዎች አስከትሎ መጣ። መኪናው ጭቃ ስለያዘው የመጨረሻውን መንገድ በእግራቸው እየተሳሳቁ ወረዱ።

ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ሰማያዊው ሸራ ከማዶ ብቅ አለ፤ እየሰፋ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። ከኋላ መምህሩ፣ ከፊት ነጠላ የተከናነበች ሴት፣ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ዳኘ ጀልባው ይሰምጣል ብሎ ነበር። አለመስመጡ አናደደው።

"ሙሽሪት መጣች" ብሎ ጮኸ። "ጋሼ፣ ገልጠው ያሳዩን እንጂ። ይህን ያህል የተለፋባት ምን ብትሆን ነው?"

ባልደረቦቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"ወይስ ማዶ ሰው የጣላትን ነው ያነሡት?"

ጀልባው ደለሉ ላይ ቆመ። መምህሩ ዳኘን ቀና ብለው አላዩትም። ውኃው ውስጥ ወርደው ሴትዮዋን በሁለት እጃቸው ደገፉ። ነጠላው ከሴትዮዋ ራስ ላይ ተንሸራተተ። አሮጊት ናቸው፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ፊታቸውን ሳቁ ወደመጣበት አዞሩ።

"ሳህሉ" አሉ በሀዲይኛ፣ "የልጄ የዳኘ ድምፅ አይደለም? ይኸው፣ ሐኪም ቤት ሊወስደኝ መጣ፤ አይመጣም ስትለኝ ነበር።"