የአቶ ደመቀ ኮርች

አቶ ደመቀ ኮርቹን የተከሉት ባለፈው ሰኔ ነው። የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ከጎጃም በአውቶብስ ጭነው አመጡና ቀራንዮ ካለው ግቢያቸው ጥግ፣ የጎረቤት አጥር ሥር ቸከሉት። ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ በእንጨቱ ሳቁ። መስከረም ላይ ግን ቅጠሉ መዳፍ አከለ።

«ውሃ አይፈልግ፣ ምን አይፈልግ። ራሱን ያውቃል» አሉ አቶ ደመቀ።

ኅዳር ላይ በድንገት አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጠዋት ጠዋት ኮርቹን ማናገር ያዙ፤ ከባላቸው የቀረላቸው ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ጎረቤታቸው ጉልላት አየር ጤና የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ሚስቱ ራኬብ አልጋ ከያዘች ዓመት አልፏታል። ዛፉን ከመጀመሪያው አልወደደውም፤ «ሥሩ አጥሬን ይጥለዋል፣ እትዬ» ብሎ ሁለት ጊዜ ተናግሯል።

ጥር ላይ የኮርቹ ቅጠል ቢጫ ሆነ። በሁለት ሳምንት አንድም አልቀረ። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጉልላትን በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ከጄሪካን አንዳች ነገር ዛፉ ሥር ሲያፈስ ደረሱበት።

«ምንድን ነው ያፈሰስክበት?»

«ውሃ ነው፣ እትዬ። ደርቆ ሳየው አሳዘነኝ።»

«አንተ ነህ ደግሞ የምታዝንለት!»

ጉልላት ደነገጠና ጄሪካኑ ከእጁ ወደቀ። ለሰፈሩ ድንጋጤው በቂ ምስክር ሆነ።

ነገሩ እድር ደረሰ። ዳኛው ጋሽ ባምላኩ መጥተው ራቁቱን የቆመውን ዛፍ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥፋትህን እመንና ይቅርታ ጠይቅ፤ በዚሁ ይለቅ።»

«ያላጠፋሁትን አላምንም።»

ከእድሩ ተሰረዘ። ዛፉን ቆርጠን እንጣልልዎ ሲሏቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ እምቢ አሉ።

«ይቁም! ሥራውን እያየ ይኑር።»

መጋቢት ሲገባ ራኬብ ሞተች። ድንኳን የተከለለት የለም። አስከሬኗን ያነሱት ጉልላትና ሦስት የሱቅ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ከሰፈሩ አንድ ሰው አልተከተለም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በራቸውን ዘግተው ዋሉ። እግዜር ፈረደልኝ አሉ በልባቸው፤ ደስ ግን አላላቸውም።

ከቀብሩ በኋላ ሦስት ቀን ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዳቸው ዛፉን ሊያናግሩ ወጡ።

ኮርቹ ከታች እስከ ጫፉ አቆጥቁጧል፤ ለካ ቅጠሉን ለበጋው አራግፎ ነበር።