የአባባ መሳያ

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ፊት አረፋ ቀብቶ ምላጩን ሊስል ሲዞር፣ መስታወቱ አጠገብ የተንጠለጠለውን የመሳያ ቆዳ መሃሉ ላይ ተቆርጦ አገኘው። በሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ቁርጥ ነበር። የመጀመሪያውን ትናንት በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ በስንት መከራ አጥፍቶት ነበር። ደሙ ፈላ።

«የአባባን መሳያ እንደ ጎመን ቀረደድከው አይደል?» ብሎ አብሮት በሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ላይ ጮኸ።

«አንተ ትሙት አልነካሁትም! እኔ እኮ በማሽን ነው የምሠራው።»

«ዝም በል! ምላጭ በጀርባው ነው የሚገለበጠው ብዬ ስንቴ ልንገርህ? አንተ በስለቱ ትገለብጠዋለህ፣ ቆዳውን ይበላዋል። ና፣ እይ!»

ቆዳውን በግራ እጁ ወጥሮ ምላጩን ወደ ታች ሳበው፤ በጀርባው ገልብጦ ወደ ላይ መለሰው። መሃል ሲደርስ እጁ ተንቀጠቀጠ። ስለቱ ዘመም አለና የቀድሞው ቁርጥ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ።

ወንድሙ ዓይኑን ከቁርጡ ወደ ታላቁ እጅ አሳለፈ።

«ምን ታፈጣለህ?» አለው፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልወጣም። ምላጩን እንደያዘ ወደ ወንበሩ ዞረ። ደንበኛው በመስታወቱ ሁሉንም አይቶ ነበር፤ አንገቱ ላይ የታሰረለትን ፎጣ ፈትቶ፣ ቀስ እያለ አረፋውን ከፊቱ ላይ ይጠርጋል።