ሊሄዱ ነው አሉ

የጫማ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አንቱታ አይወድም። በመጣ በሳምንቱ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም አንተና አንቺ ነን፤ እዚህ ቤት ቤተሰብ ነን” አለ። የፋብሪካው ባለቤት እንኳ ሳትቀር አንቺ ተባለች። ያልተሳካው ከሽማግሌው ቆዳ ቆራጭ ጋር ብቻ ነው። እሳቸውን አንተ ለማለት የደፈረ አልተገኘም፤ ሥራ አስኪያጁም ሳይወድ በግዱ ጋሼ አላቸው። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት አንተ እያሉት፣ ከኋላው “አቶ ቤተሰብ” የሚል ስም አወጡለት።

ቤተሰብነቱ ደግሞ የሚያቅለሸልሽ ነበር። ጎበዟ ጫማ ሰፊ እናቷ ታመው ፈቃድ ስትጠይቀው፣ ፈቃዱን ከልክሎ ፎቶዋን “የወሩ ኮከብ” ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለላት። ፎቶው አሁንም እዚያው አለ፤ እሷ የለችም። ሶል ገጣሚው የሙጫው ሽታ ደረቴን አመመኝ ብሎ አቤት ቢል፣ ትከሻውን አቅፎ ስለ ፍቅር አወራለት። እሱም ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ሰው በሄደ ቁጥር፣ “ምስጋና ቢስ” እያለ ሌላ ፎቶ ይሰቅላል።

ባለቤቷ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። ሰው ማሰናበት ሲኖርባት እንኳ በሌላ ሰው ታስነግራለች።

“ሰው እያለቀብን ነው እኮ፣ ወንድሜ” አለችው አንድ ቀን። ሌላ አልጨመረችም። እሱ ግን ገባው፤ ከእንግዲህ አንድ ደህና ሰው ከለቀቀ ወንበሩም አብሮ ይሄዳል። የቀሩት ደህና ሰው ደግሞ ቆራጩ ነበሩ።

በር ላይ ጆሮ መለጠፍ ልማዱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል በር ላይ ተለጥፎ፣ ሁለት ሰፊዎች ሲንሾካሾኩ ሰማ።

“ሊሄዱ ነው አሉ።”

“ተይ እንጂ። ማን ነገረሽ?”

“ባለቤቷ ራሷ ናታ። ዓርብ ከሰዓት እንሸኛቸዋለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።”

“ወዴት ነው የሚሄዱት?”

“እኔ ምን ቸገረኝ፤ ወንዝ ማዶም ይሂዱ።”

ከዚያ አፍን በእጅ አፍነው የሚስቁት ሳቅ መጣ።

ወንዝ ማዶ ሌላ ጫማ ፋብሪካ አለ። በዚህ ቤት አንቱ የሚባሉት ደግሞ ቆራጩ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ውስጥ ውስጡን ጨርሰዋል፤ እነዚህ ደግሞ ይገለፍጣሉ።

ወዲያው ቆራጩን ቢሮ አስጠራቸው። የራሱን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። እጁ ላብ ነበረው።

“ጋሼ፣ ምን ጎደለብዎት? ለእኔ ይንገሩኝ።”

“የሙጫው ሽታ ነዋ። መስኮት ይውጣለት ብዬህ ነበር።”

“እሱ ይደርሳል። ብቻ እንዳይሄዱብኝ። እርስዎ እኮ አባቴ ነዎት።”

“እኔ የት እሄዳለሁ?” አሉ ቆራጩ። እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። ከዚያ ትንሽ ሲያዩት ቆዩ። “አይዞህ፣ ልጄ። ሥራ የትም አለ።”

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ተስፋ ቆረጠ። ሥራ የትም አለ ማለት አግኝቻለሁ ማለት ነው። በሩን ዘጋና ወንዝ ማዶ ደወለ።

“ለእናንተው ብዬ ነው የምነግራችሁ” አለ ድምፁን አለስልሶ። “ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቆዳ አበላሽተው ጨረሱን፤ ለዕድሜያቸው ብለን ነው የያዝናቸው።”

“ደግ አደረግክ፤ ለሌሎቹም ፋብሪካዎች እንነግራለን” አሉት።

ስልኩን ዘግቶ ምሳውን ጣቱን እየላሰ በላ። ያላንዳች እንከን የሚሠሩ ሰው ስም በአንድ ስልክ ጭቃ መግባቱ ጉሮሮው ላይ አልቆመም።

ዓርብ ከሰዓት ማሽኖቹ ቆሙ። የቆረጣ ክፍሉ ጠረጴዛ ተጠርጎ ለስላሳ መጠጥ ተደርድሮበታል። ሠራተኛው ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል፤ ባለቤቷ ወለሉን ታያለች፤ ቆራጩ አጠገቧ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሳይጠራ ገባ። ማንም የተገረመ አልመሰለም።

“ሽኝቱ ቀርቷል” አለ ፈገግ ብሎ። “ጋሼ የትም አይሄዱም። ወንዝ ማዶ ደውዬ፣ ዓይናቸው አያይም፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብያለሁ። ወሬው ሌሎቹም ጋ ደርሷል። ከእንግዲህ እኛ እንጂ ማንም አይቀጥራቸውም። ደህና ሠራተኛ የሚያዘው እንዲህ ነው።”

አንዷ ሰፊ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ መለሰች። ባለቤቷ ቀና ብላ ቆራጩን አየቻቸው፤ እሳቸውም እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጠረጴዛው ራስጌ ያለውን ወንበር ስበው ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞሩት።

“ይቀመጡ” አሉት፤ “የምንሸኘው እርስዎን ነው።”