ፀሐይ ከሳተላይቷ ጀርባ

አዋላጇ ሮስናኒ ቀኝ እጇን ጨብጣ ከውስጥ፣ ግራ መዳፏን ከሆድ በላይ አድርጋ የሱሃይላን ማሕፀን በሁለቱ መካከል ትጫናለች። ልጁ በሰላም ተወልዷል፤ ደሙ ግን በመርፌም አልቆመም፤ የሚቆመው ማሕፀኑ ተኮማትሮ ሲጠነክር ነው። በፖንቲያናክ ከተማ ያለው ሐኪም ደም የጫነችው ጀልባ ወንዙን ሽቅብ መጓዝ መጀመሯን በስክሪኑ ነግሯታል።

«ሲስተር፣ እኔ እስክልሽ እንዳትለቂ። መጠንከሩን ስታውቂ ደግሞ—»

ፊቱ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል። ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል።

የጤና ጣቢያው ቴክኒሻን ታርሚዚ ከመጋረጃው ማዶ ነው፤ ወንድ ማዋለጃ ክፍል አይገባም። ገመዶቹን ነካክቶ ወደ ደጅ ይወጣል። የሳተላይት ሳህኑ እንደ ወትሮው ወደ ሰማይ አናት አንጋጧል። ምድር ወገብ ላይ ለቆመ ሰው ሳተላይቷ ያለችው እዚያ ነው፤ ከምድር እኩል ስለምትዞር ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ዛሬ ግን ፀሐይ በትክክል ከጀርባዋ ቆማለች፤ ታርሚዚም ከእግሩ ሥር ጥላ የለውም።

ተመልሶ በመጋረጃው በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳል። ከጃካርታ የደረሰው ማስጠንቀቂያ፣ ፀሐይ በጨረሯ የሳተላይቷን ምልክት የምትውጠው ከቀናት በኋላ ነው ይል ነበር። ያ ግን ከጃካርታ ለሚያይ ነው። ጃካርታ ወደ ደቡብ ስለምትርቅ ሳተላይቷን ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ታያታለች፤ በዚህ ወር ወደ ሰሜን የምታዘግመው ፀሐይም እዚያ የምትደርስባት ዘግይታ ነው።

«አንተ ልጅ» ይላሉ ሕፃኑን የታቀፉት የሱሃይላ አማት፣ እማማ ዘለኻ፣ «እኩለ ቀን መሆኑንም ከጃካርታ ነው የምትጠይቀው?»

ሮስናኒ መቋረጡ እስከ መቼ እንደሚቆይ ታርሚዚን ትጠይቀዋለች። ፀሐይ እስክታልፍ ነው ይላታል፤ ጥቂት ደቂቃ፤ ማፋጠኛ የለውም።

«ሲስተር፣ ዝም አልሽ» ትላለች ሱሃይላ። ከንፈሯ ነጥቷል።

«እየቆጠርኩ ነው።»

አትቆጥርም። ክንዷ መጀመሪያ ይነድዳል፣ ቀጥሎ ይዝላል፣ በመጨረሻ የሌላ ሰው እጅ ይሆንባታል።

ስክሪኑ ይበራል። የሐኪሙ ከንፈር ከድምፁ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል።

«ጠንክሯል?»

በእጆቿ መካከል አንድ ጠንካራ ነገር አለ። ማሕፀኑ ይሁን የገዛ ጭብጧ፣ አታውቅም።

«እማማ» ትላለች፣ «እጄ ደንዝዟል፤ ሕፃኑን ያስቀምጡና እጅዎን እዚህ ያሳርፉልኝ፤ ጠንክሯል?»

አሮጊቷ ሕፃኑን ከሱሃይላ ብብት ሥር ያስጠጋሉ። መዳፋቸውን በምራታቸው ሆድ ላይ ያኖራሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሐኪሙ ደግሞ ይጠይቃል። ሮስናኒ ግን ዓይኗን ከአሮጊቷ ፊት አትነቅልም፤ የምትጠብቀው የእሳቸውን ቃል ነው።