አቤት ባዩ

በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የኤክስኤምኤል ሰነዶቻችንን የምንፈትሸው ራሳችን በጻፍናቸው ፋንክሽኖች፣ ማለትም በአጫጭር ፕሮግራሞች ነው፤ በስማቸው ስንጠራቸው ሲስተሙ ፈልጎ ያመጣቸዋል። ሰው ሁሉ የሚጠራው ግን "ፈጣኑ" የምንለው ባልደረባዬ የጻፈውን ነው። አለቃችን ባመሰገነችው ቁጥር እርር ድብን እላለሁ።

ዛሬ ለምሳ ሲወጣ የእሱን ሰርዤ በዚያው ስም የራሴን ጻፍኩ። በስሙ ስጠራው የመጣው ግን ያው የሰረዝኩት የእሱ ነው።

በንዴት፣ እናቴ ብቻ የምትጠራኝን የቤት ስሜን "ድንቡሼ"ን ጠራሁ። በዚህ ስም ፋንክሽን የጻፈ ሰው የለም።

"ተገኝቷል" አለ ሲስተሙ። "ጸሐፊ፦ ፈጣኑ።"

ቤት ደወልኩ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ማን ልበል?" አለች በትህትና። "ልጄን ከሆነ ምሳ እየበላ ነው፤ ልጥራልዎት።"

ስልኩን ሳትዘጋ "ድንቡሼ" ብላ ተጣራች።

"አቤት፣ እማዬ" አለ የፈጣኑ ድምፅ።